ያልበቀለው ሳህን

ዝናቡ ቫልዲቪያን ሲያጥብ ነው የሚያድረው፤
ወንዙ ሆዱ ሞልቶ ድልድይ ስር ያጉረመርማል፤
ከዓሣ ገበያው ጫፍ የባሕር አንበሳው
ለተወረወረ አንጀት እንደ ባለዕዳ ይጮኻል።

ዓርብ ማታ፣ ጋዋኔን ላወልቅ ስል፣
ከሕፃናት ክፍል አንዲት ብልቃጥ መጣች፤
በዘንግ ጫፍ ጥጥ፣ ስም የላት፣ ቁጥር ብቻ፦
"ሴት፣ አምስት ዓመት። ፈሳሽ፣ መቅላት፣ ማሳከክ።"
ከሥሩ ዶክተር ኦያርሱን በእጇ
አንዲት ቃል ጽፋ ሁለቴ አስምራባታለች፦
"ምንጩስ?"

ያቺ ቃል ናት ኮሪደሩን የከፈለችው።
ጽዳቷ ሮሳልባ በር ላይ ቆማ ነገረችኝ፦
እናት ከልጇ ጋር ውስጥ፤ አያት ከወዲያ ጥግ፤
እንጀራ አባት ብቻውን፣ ግራ ቀኙ ባዶ ወንበር፣
የእንጨት ብናኝ ከእጅጌው ገና ሳይረግፍ።
ማንም አልሰደበው።
ማንም አጠገቡ አልተቀመጠም።

እኔ ገበሬ ነኝ፤ ማሳዬ መዳፍ ታክላለች።
በበግ ደም ሳህን ላይ ዘራሁ፤
ቸኮሌት በሚሉትም ላይ (ስሙ ነው እንጂ
ሕፃን አይልሰውም፤ በሙቀት የጠቆረ ደም ነው)፣
ያ ክፉ ዘር በሚወደው ማሳ ላይ
እንዳይበቅል እየለመንሁ ዘራሁ።
የትኛው ገበሬ ነው እንዲህ የሚጸልይ?

ከዚያ መስታወቱን በነበልባል አሳልፌ፣
ወይን ጠጅ ቀለም፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ ቀይ፤
ዓይኔን ወደ ሌንሱ ዝቅ አደረግሁ።
ድቡልቡል፣ ወይን ጠጅ፣ ተያይዘው በሰልፍ፣
ከአንገት ላይ እንደ ተፈታ ዶቃ።
አውቃቸዋለሁ። ማታ ማወቅ ግን ማመን አይደለም፤
ጥንድ ጥንዱን፣ ቀዩን፣ ባቄላ መሳዩን
ፈለግሁ፣ ደግሜ ፈለግሁ፣
ዓይኔ እስኪያነባ።

ሠላሳ አምስት ዲግሪ። በሩን ዘጋሁ።
አደርሁ እንጂ አልተኛሁም።

ባለፈው ዓመት፣ በመጋቢት፣ ያ ሳህን በቅሎ ነበር።
ስለ እሱ አልጽፍም።
ፈርሜ፣ ጓንቴን አውልቄ፣
ለአውቶቡሱ ሁለቴ ከፍዬ መግባቴን ነው የማስታውሰው።

ቅዳሜ ጠዋት። ደሙ ላይ ጤዛ መሳይ ነጠብጣብ፤
በእያንዳንዷ ዙሪያ የጠራ ቀለበት፣
ደሙን በልተው የከፈቱት መስኮት፣
የጣቴ ጥላ በማዶ የሚታይበት።
ከባሲትራሲኗ ወረቀት ፈርተው ሸሹ።
የጉሮሮ ጀርም! ያው የቶንሲሉ፣
ያው በየክረምቱ ግማሽ ክፍል የሚያስቀረው።
ደወልሁ፦ "ቤት ውስጥ ጉሮሮው የታመመ ነበር?"
ወንድሟ ፋኩንዶ፣ ከአሥር ቀን በፊት፣
ሽሮፑን ሁለት ቀን ጠጥቶ "ተሻለኝ" ብሎ የተወው።
አንድ ፎጣ ለሁለት። ወይም ያልታጠበ እጅ።
እስከዚያ ድረስ የሄደው መንገድ ይኸው ነው።

ቸኮሌቱ ግን ባዶ። እሑድም ባዶ። ሰኞም።
እንዲህ ያማረ ጠፍ መሬት አይቼ አላውቅም።

ሪፖርቱ አራት መስመር ነው፤ ፔኒሲሊን ይሽረዋል።
አምስተኛውን ልጽፍ እጄ ተነሥቶ ነበር፦
"ከሰውየው አጠገብ ተቀመጡ።"
ግን ሳህን ስለ ሰው ልብ አይመሰክርም፤
የበቀለውን ይላል፣ ያልበቀለውን ይላል፣ ዝም ይላል።
የቀረውን ዶክተር ኦያርሱን ትጠይቅ፣
በቀስታ፣ ልጅቷ በምትገባው ቃል።

ሰኞ ከሰዓት በመስኮት አንድ ሰው አየሁ፣
ትንሽ ልጅ በትከሻው፣
ጃንጥላው ለእሷ ብቻ ያዘነበለ፣ እሱ በስብሶ።
እነሱ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤
በዚህ ከተማ ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ከጀርባው አንድ ነው።

ሳህኖቹን አውቶክሌቭ ውስጥ ከተትሁ።
እጄን ታጠብሁ፣ እስከ ክርን።
ደግሜ ታጠብሁ።